ምዕራፍ ስድስት፦ የወደቀውን ማን ያነሣዋል?

እ.ኤ.አ. በ1967 በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ሁለት ሥራዎች ተጀመሩ። ከእንግሊዝ የሰፎክ ባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር መቃወሚያ ተሠርቶ የተተወ አንድ ማማ አለ። ሮይ ቤትስ የተባለ የቀድሞ ሻለቃ እዚያ ላይ ወጥቶ ባንዲራ ሰቀለና ቦታው ሲላንድ የሚባል ነፃ ሀገር መሆኑን አወጀ። ራሱን ልዑል፣ ባለቤቱን ልዕልት አሰኘ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት አሰላ ላይ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው በጭላሎ አውራጃ፣ ከሁሩታና ከኢተያ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የአርሲ ደጋ፣ የአነስተኛውን ገበሬ ኑሮ ማሻሻል ነበር። ሕዝቡ በምሕጻረ ቃሉ ካዱ ብሎ ጠራው፤ ዘመኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ሰው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ እርሻው ሲከስርበት ማን ይደርስለታል? በቤትስ ፈለግ የየራሳቸውን ጥቃቅን ሀገሮች ያወጁት ሊበርታሪያኖች «ራሱ ይወጣው፤ ካልሆነም በፈቃዱ የሚረዳው ሰው ይድረስለት» ይላሉ። ካዱን ያመጣችልን ስዊድን ደግሞ «ሁሉም፣ በሕግ» ብላ መልሳለች። ክርክሩ የሩቅ ሀገር ሰዎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የአርሲ ደጋ ግን ሁለቱንም መልሶች በገዛ ኑሮው ፈትኗቸዋል። መንግሥት የሌለበትን መረዳጃ በዕድሩ ያውቀዋል፤ «ለጥቅምህ ነው» እያለ የሚያዝዝ መንግሥትንም ያውቃል። በዚህ ምዕራፍ የማቀርበው ሐሳብ ከዚያ ልምድ የተገኘ ነው፦ ብዙ ሆኖ ለሚኖር ሰው መዋጮ አይቀርለትም፤ የመዋጮው ሒሳብ ሲነበብለትና ገንዘብ ያዡን መሻር ሲችል ግን ነፃነቱም አይነካበትም።

ግብር በፈቃድ የሆነባቸው ሀገሮች

የሊበርታሪያኖች መነሻ ቀላልና ጠንካራ ነው። የሰው ጉልበት የራሱ ነው፤ በጉልበቱ ያፈራውም የራሱ ነው፤ ያልተስማማበትን መውሰድ፣ ወሳጁ መንግሥት ቢሆንም፣ መድፈር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እስከ ጫፍ ወስዶታል። ለእሱ ተገቢው መንግሥት ሰዎችን ከኃይል፣ ከስርቆትና ከማጭበርበር የሚጠብቅ፣ ውል የሚያስከብር፣ ከዚያ በላይ የማያልፍ ነው። የአንዱን ደመወዝ በግድ ወስዶ ለሌላው መርጃ ማድረግን ከግዳጅ ሥራ ጋር ያመሳስለዋል።

ሐሳቡን ከመጽሐፍ አውጥተው ምድር ላይ ሊያቆሙት የሞከሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 መጀመሪያ የኔቫዳው ባለሀብት ማይክል ኦሊቨርና ጓደኞቹ በደቡብ ፓስፊክ ከቶንጋ በስተደቡብ ምዕራብ ባለ የኮራል ዐለት ላይ አሸዋ አፍስሰው የሚኔርቫ ሪፐብሊክን አወጁ። ግብርም ድጎማም እንዳይኖርባት አስበው ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ የቶንጋ ንጉሥ ሰዎቹን ልኮ ባንዲራውን አስወረደ፤ ቦታውም የቶንጋ ሆነ።

ከሁሉም የታወቀችው ሊበርላንድ ናት። ቼካዊው ፖለቲከኛ ቪት የድሊችካ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2015 በዳንዩብ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ጎርኛ ሲጋ በሚባል 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደን ላይ አወጃት። ቦታው ክፍት የሆነው በወንዙ ምክንያት ነው። ዳንዩብ መንገዱን ስለቀየረ ክሮኤሽያ ወሰኔ የድሮው መስመር ነው ትላለች፤ ሰርቢያ ደግሞ ወሰኔ የአሁኑ ወንዝ ነው ትላለች። ስለዚህ ሁለቱም «የእኔ ነው» የማይሉት ቁራሽ መሬት ተረፈ። የሊበርላንድ መሪ ቃል «ኑር፣ አኑር» የሚል ነው፤ ግብር የሚከፈለውም በፈቃድ ነው። ዜጋ ለመሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አመለከቱ። መሬቱ ላይ ግን ሰው ተረጋግቶ ሊኖርበት አልቻለም። የክሮኤሽያ ፖሊስ ለዓመታት መግቢያውን ጠብቆ ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቂት ሰዎች ገብተው መጠለያ መሥራት ሲጀምሩም ባለሥልጣናቱ መጥተው አፈረሱት።

ስለዚህ ሊበርላንድን ከስዊድን ጋር ማወዳደር ዕቅድን ከታሪክ ጋር ማወዳደር ነው። አንዷ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አላት፤ ሌላዋ ከመቶ ዓመት በላይ የከፈለችውና የተከፈለላት ሒሳብ አላት። በሊበርላንድ ያረጀ ጡረተኛ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ አባቱ የሞተበት ሕፃን ስላልነበረ ሐሳቡ በከባዱ ቀን አልተፈተነም።

ሲላንድ ግን አንድ ቀን ተፈትናለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2006 ማማው ላይ ከጄኔሬተር እሳት ተነሣ። ሰው ያወጣው የብሪታንያ አየር ኃይል ሄሊኮፕተር ነበር፤ የተወሰደውም ኢፕስዊች ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ነው። ሄሊኮፕተሩም ሆስፒታሉም የሚሠሩት ሲላንድ በማትሰበስበው ግብር ነው። በዚያ ቀን የሆነ ሌላ ነገርም ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። እሳቱ እስኪጠፋ አጠገቡ ቆማ የጠበቀችው የነፍስ አድን ጀልባ የመጣችው እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ በአብዛኛው በሰዎች ልገሳና በበጎ ፈቃደኛ ባሕረኞች ከሚኖር ድርጅት ነው። ሊበርታሪያኖች «ሰው ሳይገደድም ለሰው ይደርሳል» ሲሉ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆሙም። ጥያቄው የፈቃድ እርዳታ መኖሩ አይደለም፤ እስከ የት እንደሚደርስ ነው።

ስዊድን ከየት ተነሣች

ስለ ስዊድን ሲወራ ብዙዎቻችን የሚታየን የተጠናቀቀው ቤት ነው፦ ወላጆች ለአንድ ልጅ የሚካፈሉት የ480 ቀን የተከፈለ ፈቃድ፣ ነፃ ትምህርት፣ ለሁሉም የሚደርስ ጡረታ። ለዚህ የሚሰበሰበው ግብር ከሀገሪቱ አጠቃላይ ምርት ከ40 በመቶ በላይ ነው። የእኛ በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ነው። «እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ታሪኩ ግን እንደዚያ አይነበብም።

ስዊድን ደሃ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1869 ረኃብ መታት፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያ ዘመን የታመመውን የሚደግፍ የመንግሥት መድን አልነበረም። የነበረው በየሰፈሩና በየሙያው የተቋቋመ የሕመም መረዳጃ ማኅበር ነው። አባላት በየጊዜው ያዋጣሉ፤ የታመመ ይከፈለዋል፤ የሞተ ይቀበርበታል። አሠራሩን ያየ የሁሩታ ሰው ዕድር ነው ይል ነበር።

የስዊድን መንግሥት እነዚህን ማኅበራት አላፈረሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1891 በሕግ አወቃቸው፤ ለተመዘገቡትም ጥቂት ድጎማ ሰጣቸው። በ1913 ለሀገሩ ሰው ሁሉ የሚሆን የጡረታ ሕግ ወጣ። በ1928 የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ፔር አልቢን ሃንሶን በፓርላማ ተነሥቶ ሀገር የሁሉም ቤት መሆን እንዳለባት፣ በጥሩ ቤት ውስጥም የእንጀራ ልጅ እንደሌለ ተናገረ። በ1955 የሕመም መድኑ በሁሉም ላይ ግዴታ ሆነ። ከማኅበሩ እስከ ግዴታው ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በዚህ ረጅም ጉዞ ሁለት ነገሮች ሥራውን አቅልለዋል። አንደኛው መዝገብ ነው። የስዊድን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተወለደውን፣ የተጋባውንና የሞተውን ይጽፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1749 ደግሞ የሀገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ተጀመረ። ማን እንዳለ ሳይታወቅ ማን ጡረታ እንደሚገባው አይታወቅም። ሁለተኛው የገበሬው ቦታ ነው። ስዊድን ውስጥ መሬቱ የራሱ የሆነ ገበሬ እስከ 1866 ድረስ በቆየው የድሮ ፓርላማ የራሱ ምክር ቤት ነበረው። ግብር ሲጣል «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር ከጡረታ ሕጉ በፊት ለዘመናት ነበረው ማለት ነው። ወደ ጭላሎ የመጣው የስዊድን እርዳታ ይህን ሁለተኛውን ነገር ይዞ ሊመጣ አይችልም ነበር።

ስዊድን በጭላሎ

ካዱ የእርሻ ጣቢያ ብቻ አልነበረም። የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድላል፤ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፤ ውኃ ያወጣል፤ ላሞችን ያዳቅላል፤ ጤና ያስተምራል፤ ለገበያ ማዕከል ይሠራል። ብድር የወሰደው ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት መቶ አይበልጥም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከ10,000 በላይ ሆነ። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል መሠረት የዚያ ዘመን ነው። ዛሬ አርሲን የስንዴ አገር ያሰኘው ሥራ አንዱ ሥሩ እዚህ ይገኛል።

ስዊድናውያኑ የሚረዱት ደሃውን ገበሬ እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ ለእርሱም የብድር ቅድሚያ ሰጡ። ከጭላሎ ገበሬ ብዙው ግን ጭሰኛ ነበር። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ የምርቱ ሲሶ ወይም እኩሌታ የባለርስቱ ነው፤ ውሉ በቃል ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን ከፍ ሲያደርጉት ባለርስቱ አዲስ ስሌት አወጣ። ትራክተር ካመጣ ጭሰኛ አያስፈልገውም። በተለይ ሜዳማ በሆነው የአውራጃው ክፍል ጭሰኞች ከዓመታት እርሻቸው ተነቀሉ። ለደሃው የመጣው እርዳታ ደሃውን ያስወጣው ጀመር።

የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት በሕግ እንዲስተካከል ስዊድን አጥብቃ ጠየቀች፤ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነትም ጉዳዩ ተነሣ። ረቂቅ ሕጉ ፓርላማ ገባ፤ ፓርላማው ውስጥ ግን ባለርስቶች ብዙ ነበሩ፤ ጭሰኛውም ወንበር አልነበረውም። ሕጉ ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ወደቀ። መሬቱ ከባለርስት እጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ከዚህ የማወጣው ትምህርት ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው። ሊበርታሪያኑ «ንብረትን አክብሩ፣ ቀሪው ራሱ ይስተካከላል» ሲል በጭላሎ የተከበረው የማን ንብረት እንደነበረ መመለስ አለበት፤ ለትውልድ ያረሰው ሰው ላቡን እንጂ ማሳውን የራሱ ማለት አልተፈቀደለትም ነበር። የዋስትናው ደጋፊም እርዳታ በራሱ ፍትሕ አለመሆኑን መቀበል ይኖርበታል። ተቀባዩ ድምፅ ከሌለው ከላይ የሚመጣ መልካም ነገር ድምፅ ባለው ሰው እጅ ይቀራል።

መንግሥት የሚያስፈራበት ቀን

አዋጁ ጭሰኛውን ከባለርስቱ አወጣው፤ ከመንግሥት ግን አላወጣውም። በደርግ ዘመን የአርሲ ገበሬ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ማስረከብ ነበረበት። ዋጋው ከገበያው በታች ነው፤ ኮታው ካልሞላ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ይጠይቃል። በ1978 ዓ.ም. ግድም መንደር ምሥረታ መጣ፤ ከሐረርጌና ከባሌ ጋር አርሲ ዋነኛው መስክ ነበር። ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን አፍርሰው በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሠሩ ታዘዙ። የተሰጠው ምክንያት የዋስትና መንግሥት ቋንቋ ነበር፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ በአንድ ቦታ እንዲደርስላችሁ። በብዙ ቦታ ሰው ከማሳውና ከከብቶቹ ራቀ፤ የተባለው አገልግሎት ግን አልደረሰም ወይም ዘገየ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲነሣ ብዙዎች መንደሩን ትተው ወደ ቀያቸው ተመለሱ።

ይህን ያየ ሰው «መንግሥት ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም። የሊበርታሪያኖች ክርክር ከመጽሐፍ ይልቅ በእንዲህ ያለ ትዝታ ይበረታል። ዴሞክራሲ ያላት ስዊድንም ቢሆን ከዚህ ኃጢአት ነፃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣችውና እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በሠራችበት ሕግ ወደ 63,000 ሰዎች እንዳይወልዱ አምክናለች። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በግፊትና በተጽዕኖ የተፈጸመባቸውም ጥቂት አይደሉም። ሁሉንም የሚሸከም መንግሥት አንድ ቀን ተነሥቶ «ማን ሸክም ይሁንብኝ?» ብሎ ሊመርጥ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ሆኖም በሁለቱ ሀገሮች ቀጥሎ የሆነው ይለያያል። በስዊድን ጋዜጠኞች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አደባባይ አወጡት፤ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1999 ለተጎጂዎች የካሣ ሕግ ወጣ። በእኛ ሀገር ኮታውም መንደሩም የተነሣው ጦርነቱና ኢኮኖሚው መንግሥትን ሲያዳክሙት ነው፤ ገበሬው በድምፁ አላስነሣውም። አንድ ሥርዓት ስሕተት ሲሠራ ተጎጂው ሊያስቆመው የሚችልበት መንገድ ካለ ዋስትናው ዋስትና ሆኖ ይቆያል።

ዕድር የት ድረስ ይወስዳል?

የፈቃድ መረዳጃን በእውነተኛ ኑሮ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ዳንዩብ ዳር መሄድ አያስፈልገውም። ዕድር መንግሥት አላቋቋመውም፤ ዘውድ ወድቋል፣ ደርግ ወድቋል፣ ዕድር ግን አለ። ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን አባላት ይመርጣሉ። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕድር ቤት ይወጣል፤ ለሐዘንተኛው በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጠዋል። ሒሳቡ በስብሰባ ይነበባል፤ የጎደለ ካለ እዚያው ይጠየቃል።

ይሁን እንጂ ዕድር ሊበርታሪያኖች እንደሚሉት ፈቃድ ብቻ አይደለም። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ ያጠፋ ይሰረዛል። ከዕድር ውጭ መኖር በሕግ አይከለከልም፤ በኑሮ ግን ከባድ ነው። ግዴታ አለበት ማለት ነው። ሰዉ ግን እንደ ባርነት አያየውም፤ ደንቡን ራሱ አውጥቶታል፣ ገንዘብ ያዡን በዓይኑ ያየዋል፣ ተራው ሲደርስ እንደሚደርሱለት ያውቃል።

በአርሲ ደጋ ከዕድር ሰፋ ያለ ምሳሌም አለ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በሂጦሳ ከተራራ ምንጭ በስበት ብቻ፣ ያለ ሞተር፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ውኃ ወረደ። መነሻውን ገንዘብ በዋናነት ከውጭ ድርጅት አገኙ፤ ጉልበቱንና ከፊሉን ወጪ ሕዝቡ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ በተመረጡ ሰዎች የሚመራ የውኃ ኮሚቴ በቦኖው ላይ ዋጋ እያስከፈለ፣ ጠባቂና ጠጋኝ እየቀጠረ አስተዳደረው። አንድ መንደር ብቻውን የማይችለውን ብዙ መንደሮች አብረው ቻሉት። መነሻ ገንዘቡን ግን መንደሮቹ ብቻቸውን አያገኙትም ነበር።

የዕድር ወሰንም እዚህ ላይ ይታያል። መጀመሪያ፣ ዕድር የሚደርሰው ለገባው ሰው ነው። ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ገና ቤት የተከራየ አዲስ ነዋሪ፣ መግቢያውን መክፈል ያቃታት ባልዋ የሞተባት ሴት ውጭ ይቀራሉ። ሁለተኛው ወሰን ግን ይከብዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንላለን፤ ሃምሳውም በአንድ ቀን ቢወድቁስ?

ይህ በአርሲ ደጋ ደርሷል። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ምርታማ ስለነበርና ቢጫ ዋግን ስለተቋቋመ በአርሲና በባሌ ሰፊ ማሳ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣ፤ ዲገሉ ሊቋቋመው አልቻለም። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው። ከማሳ ማሳ ሲሻገር የዕድር አባልና አባል ያልሆነን አይለይም። የጎረቤቴ ማሳ ሲጠፋ የእኔም ከጠፋ፣ ማን ለማን ያዋጣል? ድርቅም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት መሸከም የሚችለው በዚያ ዓመት ዋግ ያልነካውን አገርም የሚጨምር ሰፊ ቋት ብቻ ነው። ዋጉን አስቀድሞ የሚከታተለው፣ የሚቋቋም ዘር የሚያወጣው ቁሉምሳም በግብር ይሠራል። ዋግን የሚቋቋም ስንዴ አንዱ ቢከፍልበት ሌላው ሳይከፍል ይጠቀምበታል፤ በፈቃድ መዋጮ ብቻ ለዓመታት ምርምር ማቆየት ስለማይቻል ነው በሕግ የሚሰበሰበው።

ከዕድር ወደ መድን

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1891 የጀመረችውን እኛ በ2003 ዓ.ም. ጀምረናል። በዚያ ዓመት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያም ወደ አብዛኛው የሀገሪቱ ወረዳ ሰፋ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገበሬው ብዙውን ጊዜ እህሉን ካነሣ በኋላ ይከፍላል፤ በጣም ደሃ የሆኑትን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፤ ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ደብተሩን ያሳያል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም በሌላ በኩል ምግብ የሚያጥረውን ቤተሰብ ይደግፋል። የኦሮሚያ ክልል ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከገዳ ሥርዓት የወረሰውን ቡሳ ጎኖፋ፣ ከብቱ ያለቀበትን ወገን መልሶ የማቋቋም ልማድ፣ አባላት በየዓመቱ የሚያዋጡበት ክልላዊ ተቋም አድርጎታል።

እነዚህ ሥራዎች የስዊድን መንገድ ላይ ናቸው፤ ችግር ግን ገጥሟቸዋል። መድኑ በፈቃድ ሲሆን ቶሎ የሚገባው የሚታመመው ነው፤ ጤነኛው «ዘንድሮ ልቅር» ይላል። የታመመ ብቻ የሚያዋጣበት ቋት ቶሎ ይደርቃል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1955 መድኑን ግዴታ አድርጋዋለች። ግዴታ ሲሆን ደግሞ ሌላው ችግር ይመጣል። ገበሬው ከፍሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ቢባል መዋጮው በዓይኑ ኮታ ይመስላል። ኮታን የሚያውቅ አገር ይህን ስሜት በቀላሉ አይረሳም።

መፍትሔው ከሁለቱ ችግሮች አንዱን መርጦ መኖር መሆን የለበትም። መዋጮው እንደ ስዊድን ሰፊና ግዴታ ይሁን፤ አቅም ያለው የበለጠ ይክፈል። ሒሳቡ ግን እንደ ዕድር ይነበብ። በሁሩታ የተሰበሰበው የመድን ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ለየትኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል እንደተከፈለ፣ የትኛው መድኃኒት ስንት ወር እንደጠፋ በየቀበሌው ስብሰባ በሰው ፊት ይነገር። የመድኑን ቦርድ የሚመርጡት ከፋዮቹ ይሁኑ፤ መሻርም ይቻላቸው። ወረዳው ብቻውን የማይችለው ዋግና ድርቅ ሲመጣ የሚደርስ ሀገር አቀፍ መጠባበቂያ ይኑር፤ ከመጠባበቂያው መቼና ስንት እንደሚወጣ በሕግ ይጻፍ፤ ለባለሥልጣን ቸርነት አይተው። መሬቱ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተጻፈለት ገበሬም ያ ደብተር በተግባር ይከበርለት፤ ማሳው የማያስተማምነው ሰው በመድንም በብድርም እንደማይቆም ጭላሎ አሳይቶናል።

ሊበርታሪያኖችን ሙሉ በሙሉ ማሰናበት አልፈልግም። «ያልተስማማሁበትን ለምን ትወስዱብኛላችሁ?» የሚለው ጥያቄያቸው በኮታው ዘመን በአርሲ ገበሬ ልብ የነበረ ጥያቄ ነው። ስዊድን ራሷ ከእነርሱ ተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወላጆች ትምህርት ቤት እንዲመርጡ ፈቅዳለች፣ ጡረታዋን አስተካክላለች፣ በ2000ዎቹም የውርስና የሀብት ግብርን አስቀርታለች። የመዋጮውን ሥርዓት ግን አልናደችም። ጥያቄያቸውን የመለሰችው የሚወሰደውን በመቁጠርና በመገደብ፣ ወሳጁንም በየአራት ዓመቱ ለድምፅ በማቅረብ ነው።

ሁሩታ ላይ ለዕድሩ የሚያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ የመጠየቅ ልማድ አለው፤ የተጠየቀውም መልስ ይዞ መቆም እንዳለበት ያውቃል። ያንን ልማድ እስከ ወረዳው፣ እስከ ክልሉና እስከ ፌዴራሉ ካዝና የሚያደርስ ሕግ መጻፍና ማስከበር የእኛ ትውልድ ሥራ ነው።